ኔት ሲጠፋ ምን ይቀርልናል?

ይህን የተናገርኩት ባሕር ዳር ላይ፣ ለወጣቶችና ለወላጆች በተዘጋጀ አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ነው። ያልሰሙ ሰዎች «ጻፈውና እናንብበው» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩት። የድረ ገጾቹን አድራሻ ያን ዕለት ሰሌዳ ላይ ጽፌው ነበር። እዚህ ስማቸውን ብቻ አስቀምጣለሁ፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጎግል ላይ ብትፈልጉት ይመጣል።

እንደምን ዋላችሁ።

ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ «ስልካችሁን ዝጉ» ይባላል። እኔ ክፈቱ ነው የምላችሁ። ክፈቱና ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የት የት እንደገባችሁ እዩ። እጅ አላስወጣም፤ የራሴን ልናገር። ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ። ከዚያ ተመልሼ ቴሌግራም። ይሄን ሁሉ ሰፊ ሐይቅ ይዘን ከአንድ ጥግ ብቻ ውኃ የምንቀዳ ሰዎች ሆነናል።

አንዳንዶቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ፔዳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ነው የምቀመጠው። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ደግሞ ኢንተርኔት ላይ እዞራለሁ። ሚስቴ ሥራ ፈትነት ትለዋለች። ዛሬ ከዚያ ሥራ ፈትነት ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ።

አንድ ድረ ገጽ ጥሩ ነው ወይስ ጊዜ በላ ነው የምለው በአንድ ጥያቄ ነው። ኔት ሲጠፋ ምን ይቀርልኛል? ይሄን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ሞባይል ኢንተርኔት ሲጠፋ ነው የመጣልኝ። ለወራት ነው የቆየው፤ ታስታውሳላችሁ። የዋይፋይ መስመር ያለበት ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ተኮልኩሎ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ ያደርግ ነበር፣ ጸበል የሚረጭበት ይመስል። እኔ በዚያ ጊዜ ሁለት ሺህ የተቀመጡ የፌስቡክ ፖስቶች ነበሩኝ። «በኋላ አነበዋለሁ» ያልኳቸው። አንዱንም መክፈት አልቻልኩም።

የከፈተልኝ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። ከዓመታት በፊት ኪዊክስ (Kiwix) የሚባል ፕሮግራም ጭኜበት ረስቼው ነበር። ኪዊክስ ዊኪፒዲያን እንዳለ በፋይል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ሙሉውን ከነፎቶው 100 ጊጋ ገደማ ነው። ያ ይከብዳል። ፎቶ የሌለው አለ፣ ለሕክምና ብቻ የተመረጠ አለ፣ የአማርኛው ደግሞ በትንሽ ሚሞሪ ይገባል። መዝገበ ቃላትም፣ የድሮ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትም በዚያው ፕሮግራም ይነበባሉ። ሱቄ ውስጥ ያለችው አንዷ ኮምፒውተር በራሷ ዋይፋይ ፋይሉን ታካፍል ነበር። ካርድ የለ፣ ፓኬጅ የለ። የሰፈር ተማሪዎች ደጄ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የባዮሎጂ የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ድረ ገጽ ሳይ መጀመሪያ «ማውረድ ይቻላል?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

መምህራን ካላችሁ ለእናንተ የማስቀድመው ፌት (PhET) የሚባለውን ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያዘጋጀው። ካርል ዋይማን የተባሉ የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ እ.ኤ.አ. በ2002 ጀመሩት። ጽሑፍ አይደለም፣ ቪዲዮም አይደለም። ወረዳ ላይ ያለ ትምህርት ቤት የማይኖረው ቤተ ሙከራ ነው። ባትሪ፣ አምፖል፣ ሽቦ ስክሪኑ ላይ ተቀምጦላችኋል። ልጁ ራሱ ሽቦውን ያገናኛል። ተሳስቶ ባትሪውን ከራሱ ጋር ካገናኘው እሳት ይነሣል። እውነተኛ እሳት ስላልሆነ ደግሞ ደግሞ ያቃጥለዋል። የእኔ ልጅ ለአንድ ሰዓት ያህል ሆን ብሎ ሲያቃጥል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሾርት ማለት ምን እንደሆነ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። አብዛኞቹ ሙከራዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ፋይል ይወርዳሉ። በፍላሽ ገልብጣችሁ መብራት ብቻ ባለበት ክፍል ታሳያላችሁ።

ለሒሳብ ጂኦጀብራ አለ። ካን አካዳሚንም ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ጣና ልውሰዳችሁ።

ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባል ገጽ አለ፤ የአውሮፓውያን ነው። ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች የሚያነሱትን ፎቶ ለማንም በነጻ ያሳያል። በአምስት ቀን አንዴ በላያችን ያልፋሉ። ጣናን ፈልጉ፣ ቀን ምረጡ፣ ይከፈታል። የፎቶው አንድ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ስለዚህ የታንኳ ባለቤቱን አይታችሁ ሰላም አትሉትም። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ግን ታዩታላችሁ። 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ስለዚህ አራት ነጥብ የሚሰፋ፣ 38 ነጥብ የሚረዝም ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ቀኑን ወደ ኋላ ስትመልሱት መስመሩ ይቆረጣል። ከዚያ ምሰሶዎቹ ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ ውኃው ብቻ። እኔ ይሄን ሳደርግ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ እንደነበር ረስቼ ነበር።

ዋናው ነገር ግን ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጩ ነው። በዚሁ ገጽ ፎልስ ከለር የሚል ምርጫ አለ። ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ቀለም ሰጥቶ ያሳያል። ያኔ የለመለመ ተክል ሁሉ ቀይ ይሆናል፣ ውኃው ጥቁር ይሆናል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ደንቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን ተከትላችሁ ዳርቻውን እዩ። ጥቁሩ ውኃ ላይ ቀይ ነገር ተንሳፍፎ ካያችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ። መጠርጠር ነው ያልኩት። ዳር ላይ ያለ ደንገልም፣ የሩዝ ማሳም፣ ውኃው ሲሸሽ የሚበቅል ሣርም ቀይ ነው የሚሆነው። በክረምት ደግሞ ደመና ሁሉንም ይሸፍነዋል። ከጥቅምት በኋላ ነው ጥርት የሚለው። ሁለት ቀን አነጻጽሩ፤ ቀዩ ነገር ቦታ ከቀየረ ነፋስ የገፋው ተንሳፋፊ ነው፣ ማሳ አይሄድማ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልማረር። ፌስቡክ ላይ «እምቦጭ ጠፋ» እና «እምቦጭ ሐይቁን ጨረሰው» በሚሉ ሰዎች መሀል ስንት ዓመት ተጨቃጨቅን። ሁለቱም ወገን ከአንድ ዳር የተነሣ ፎቶ ይለጥፋል። ሐይቁ ግን 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከላይ የሚያሳየው ነገር በነጻ ተቀምጦ ሳለ ማንም አይከፍተውም ነበር፤ እኔም ጭምር።

ጎግል ኧርዝ ታይምላፕስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያለውን ዓመት በዓመት እንደ ፊልም ያሳያል። ባሕር ዳር ስትሰፋ ማየት ያስደነግጣል። አባቶቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እዩት። «እዚያ ጋ እኮ ከብት እንጠብቅ ነበር» ይላሉ፣ ከዚያ ወሬው ከስክሪኑ ይወጣና ሌላ ታሪክ ይጀመራል።

ካርታ ካነሣን አይቀር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ስልካችሁ ያለበትን ቦታ ለማወቅ ዳታ አያስፈልገውም። ጂፒኤስ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፣ ካርድ አይበላም። ዳታ የሚበላው የካርታው ሥዕል ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለው አፕ ካርታውን አስቀድሞ ያወርዳል፤ ከዚያ ገጠርም ሆነ ጀልባ ላይ ይሠራል። ካርታው ኦፕን ስትሪት ማፕ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የተጀመረው፣ እንደ ዊኪፒዲያ ማንም ሰው ይጨምርበታል። የእኛን የባጃጅ ፌርማታ፣ የእኛን ወፍጮ ቤት የሚጨምር ከእኛ ሌላ የለም።

ጀልባ ላይ የምትሠሩ ልጆች ከኋላ አይቻችኋለሁ። ዊንዲ (Windy) የሚባለውን የአየር ትንበያ ገጽ ለእናንተ ነው የማነሣው። ነፋሱን በሚንቀሳቀስ መስመር ያሳያል፣ በጣም ያምራል። ነገር ግን አትመኑት አልልም፣ መጠኑን እወቁ። ጥሩ የሚባለው ትንበያው እንኳ ምድርን ወደ 9 ኪሎ ሜትር በሚጠጉ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው። ጣና በወርዱ ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥ፤ ስለዚህ ሰባት ስምንት ቁራጭ ነው ማለት ነው። ዘጌ ጥግ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ማዕበል አያውቀውም። ነገ ነፋስ ይበረታል ወይ ለሚለው ዊንዲን እዩ። አሁን እንሻገር ወይ ለሚለው ሽማግሌውን ጀልባ ነጂ ጠይቁ።

(እዚህ ላይ አንዱ ጀልባ ነጂ «ሽማግሌው እኔ ነኝ» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ሠላሳም አይሞላው።)

አሁን ደግሞ ብራና። እናቶች ይሄ ለእናንተ ነው። የጣና ደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ክብራንን ከዳር ሆና ነው የተሳለመችው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ ምሁር ወደ ጣና ደሴቶች መጥቶ ብራናዎችን በማይክሮ ፊልም አንሥቶ ነበር። ቁጥር ሲሰጣቸው «ጣናሴ» እያለ ነው የቆጠረው። ሴ በጀርመንኛ ሐይቅ ነው። ጣናሴ 1 የክብራን ገብርኤል ወንጌል ነው። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው ገጽ ደግሞ ስሙ ምን መሰላችሁ? ቤተ መጻሕፍት! በላቲን ፊደል (Beta maṣāḥǝft) ስለሚጽፉት መጀመሪያ አላወቅኩትም ነበር። የእኛን ብራናዎች ዝርዝር የያዘ ነው፤ የትኛው ገዳም፣ ምን መጽሐፍ፣ ምን ሥዕል እያላችሁ ትፈልጋላችሁ። ጣናሴ 1ን እዚያ ነው ያገኘሁት።

ብራናውን ራሱን ገጽ በገጽ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየም (HMML) አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አጋማሽ ከመላ ኢትዮጵያ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮ ፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ ወደዚያ ሄደ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው ለረጅም ዓመታት ተቀምጠው ካታሎጉን የሠሩት። በነጻ ትመዘገባላችሁ፣ ከዚያ ትከፍታላችሁ። ለእናቴ አንዱን ድርሳነ ሚካኤል ከፍቼ አሳየኋት። ስክሪኑን ልትሳለም ስትጎነበስ ጣቷ ነክቶት ገጹ ተገለበጠ። «እኔ ነኝ የገለጥኩት?» አለች። ግማሽ ቀን እዚያው ተቀመጠች።

ስለ ሥራ መሣሪያ አጭር ላድርግ፤ እንጀራዬ ስለሆነ ብዙ ካወራሁ ማስታወቂያ ይመስላል። ፎቶፒያ ብሮውዘር ላይ የሚሠራ የፎቶሾፕ ወንድም ነው። አንድ ሰው፣ ኢቫን ኩትስኪር የሚባል ልጅ፣ ነው የጀመረው። እኔ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ነበር የምጠቀመው። አንድ የጥር ቅዳሜ የሠርግ ባነር ላይ እያለሁ ተዘጋ፣ የሙሽራው ወንድም አጠገቤ ቆሟል። ያን ቀን ነው ፎቶፒያን ያወቅኩት። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ኔት ቢቆረጥም ሥራውን አያቋርጥም። የአማርኛ ፊደል ኖቶ የሚባለውን በነጻ አውርዳችሁ ጫኑ፣ አራት ማዕዘን ሳጥን ከማተም ትድናላችሁ።

አፕ በቴሌግራም ወይም በዜንደር ስትቀባበሉ ከመጫናችሁ በፊት ቫይረስ ቶታል ላይ ጣሉት። ከ70 በላይ በሚሆኑ የቫይረስ መፈተሻዎች አንድ ላይ ያየዋል። ግን የግል ፋይል እዚያ አታስገቡ፣ ለሌሎች መርማሪዎችም ይደርሳል። በነገራችን ላይ መታወቂያና ዲግሪ ፒዲኤፍ ለማድረግ ጎግል ላይ ያገኛችሁት የማይታወቅ ገጽ ላይ መጫን ይቅርባችሁ። ስልኩ ራሱ ፒዲኤፍ ያደርጋል። ካልቻላችሁ ኑ እኔ ጋ፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

ለስኮላርሺፕ የምታመለክቱ፣ ታይም ኤንድ ዴት የሚባለውን ገጽ ያዙ። አንድ ልጅ ሱቄ ውስጥ አልቅሷል። ቀነ ገደቡ «11:59» ይላል፤ እሱ በእኛ ሰዓት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ ይሁን ወይ ከምሽቱ አሥራ አንድ ከሃምሳ ዘጠኝ ይሁን ግራ ገብቶት በገዛ ግምቱ ሄደ። የተባለው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ የእኩለ ሌሊቱ 11:59 ነበር። እኛ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8:59 ነው። እስከዚያ ድረስ ጊዜ ነበረው፣ እሱ ግን አለፈኝ ብሎ ተኝቷል። ገጹ ላይ የእነሱን ሰዓት አስገቡ፣ አዲስ አበባን ምረጡ፣ ከዚያ ስድስት ቀንሱ ወይ ጨምሩ።

ጨዋታ ሳልነግራችሁ ብሄድ ትቆጡኛላችሁ።

ኒል ዶት ፈን (neal.fun) የሚባል ገጽ ውስጥ ጥልቁ ባሕር የሚል አለ። ጣታችሁን ወደ ታች እየሸረተታችሁ ውቅያኖስ ውስጥ ትወርዳላችሁ። በየደረጃው የሚኖረው ዓሣ ይታያል። ጣና በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ያህል ነው፤ አንዴ ሸርተት ስታደርጉ አለቀ። የመጨረሻው ግን ወደ 11 ሺህ ሜትር ነው። ጣታችሁ ይደክማል። ልጆች ይሄን ሲያደርጉ ዝም ይላሉ፣ ዝምታ ለወላጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ።

ቼዝ ለምትወዱ ሊቼስ አለ። ማስታወቂያ የለውም፣ ክፍያ የለውም፣ ስልክ ላይ ያለው አፕ ያለ ኔትም ከኮምፒውተሩ ጋር ያጫውታል። እኛም እኮ የራሳችን ሰንጠረዥ ነበረን። በእኛ ሕግ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ወረራ ነው የሚባለው። አንዱ ሌላውን እስኪገድል ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ እኩል ያንቀሳቅሳሉ። እስቲ ይሄን ኦንላይን የሚሠራ ፖሊ ግቢ ያለ ልጅ ይምጣ፣ የመጀመሪያው ተጫዋች እኔ ነኝ።

ሬዲዮ ጋርደን ሉል ያሽከረክራል። አረንጓዴ ነጥብ ስትነኩ የዚያ ከተማ ሬዲዮ በቀጥታ ይጮኻል። ጥያቄዬን ግን አያልፍም፣ ኔት ሲጠፋ ምንም አይቀርም። በተለመደው ጥራት በሰዓት ወደ 58 ሜጋ ይበላል። ያም ሆኖ እወደዋለሁ።

የመጨረሻው ስቴላሪየም ነው። ስልኩን ወደ ሰማይ ስትይዙት የኮከቡን ስም ይናገራል። ባሕር ዳር ለዚህ የታደለች ናት። ጣና ከከተማው በስተሰሜን ነው፤ ዳር ቆማችሁ ወደ ውኃው ስታዩ ሰሜንን ነው የምታዩት። የሰሜን ኮከብ እዚህ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ከአድማሱ 12 ዲግሪ ያህል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ቡጢያችሁን ውኃው ጫፍ ላይ ስታስቀምጡ ከቡጢው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ደግሞ ዞር ብላችሁ ወደ ደቡብ ብታዩ የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ኮከቦች አሉ። አውሮፓ ያለ ሰው መስቀሉን አያይም፣ አውስትራሊያ ያለ ሰው የሰሜኑን ኮከብ አያይም። እኛ ሁለቱንም እናያለን። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ የበለጠ ይታያል፣ ያ እንኳ አይቸግረንም።

ጥያቄ ነበር። አንድ አባት፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው መሰለኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛው የታለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአማርኛ ዊኪፒዲያ ጽሑፎች በአሥር ሺዎች ነው የሚቆጠሩት፣ የእንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን በላይ ነው። «ጋሼ፣ ይጻፉበት» አልኳቸው። «መጻፉንስ እጽፋለሁ፣ መጫኑን ማን ያሳየኛል?» አሉ። ሰኞ ዕለት ከነደብተራቸው ሱቅ መጡ። ስለ ታንኳ አሠራር ነው የጻፉት፤ ደንገሉ መቼ እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ። ገና እየተየብነው ነው።

ሌላው ጥያቄ ኪዊክስን ከየት እናገኛለን የሚል ነበር። ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። 32 ጊጋ ቢሆን ጥሩ ነው፣ 16ም ይበቃል፤ ሳንቲም አልጠይቅም። ግን እባካችሁ፣ ቫይረሱን አጽድታችሁ።